የሰጠኝ ጃዋ

ደባርቅ፣ ኅዳር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሕሊናዬ፣

መካነ ብርሃን እንዴት ይዛሻለች? እኛ ደህና ነን። እናቴ «ፋንታዬ ናፍቃሻለች ብለህ ጻፍልኝ» ብላ ከጎኔ ቆማለችና ይኸው ጽፌያለሁ።

ደብዳቤሽን ሹፌሩ ሀብተ ሚካኤል ጋራዡ ድረስ አምጥቶ አስረከበኝ። ስልካችሁ እስኪሠራ ድረስ እሱ ወደ እናንተ በወጣ ቁጥር ደብዳቤ ሊያመላልስልን ቃል ገብቷል። መልስሽን ለእሱ ስጪው።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ጃዋዋ ሞተሬ ገና አልተነሳችም። እንዳትስቂ። ቀለበት ባሰርን ቀን በአባትሽ ቤት፣ በዳባት ሽማግሌዎች ፊት «ሙሽራዬን ከዳባት ደባርቅ በሞተር ሳይክሌ ከኋላዬ አስቀምጬ ነው የምወስዳት» ብዬ አፌን ሞልቼ ስናገር አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ስትስቂ አይቼሻለሁ። አባትሽ የኔታ ጥበብ ግን አልሳቁም። «ይህ ብረት መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ። ለዳግማይ ትንሣኤ አልኋቸው፤ ሠርጋችንም በዚያው ተቆረጠ።

ባልደረቦችሽ እጮኛሽ የሚሠራው ምንድን ነው ሲሉሽ ማስረዳት እንዳቃተሽ ጽፈሻል። እንዲህ በያቸው። ጋሽ ገብረ ኪዳን የሚባሉ የዳባት ሰው በደርግ ጊዜ የወባ መከላከል ሠራተኛ ሳሉ የሚነዷት ጃዋ ነበረች። አንድ ክረምት ከነእሳቸው ወንዝ ወሰዳት። ሰውየው ተረፉ፤ እሷን ጎትተው አወጧትና ጎተራ ጥግ አቆሟት፤ ዶሮ ሲያድርባት ኖረች። እኔ ጋራዥ እንደከፈትሁ ሰሞን አይቻት ዓይኔን መንቀል ቢያቅተኝ «ለቁርጥራጭ ብረት እንዳትሸጣት፣ አስነሳት» ብለው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ የሰው ሥራ ስጨርስ እሷን እነካካለሁ። መለዋወጫዋ ከገበያ ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል። የጎደላትን ከሌላ ሞተር እየቆረጥሁ፣ እየበየድሁ፣ የማይሆንልኝን ጎንደር ቶርኖ ቤት እያስቀረጽሁ ነው የምሞላላት። አንቺን ሳላውቅሽ የጀመርሁት ሥራ ነው። አሁን ግን ላንቺ ነው።

ሳሌ የደባርቅ ብርድ ነው፤ የብየዳ ጭስ ታክሎበት ነው። አትስጊ።

ስለ አዋላጅነት ሥራሽ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍሽልኝ። ምን ገጠመሽ?

ያንቺው ሰጠኝ


መካነ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ሰጤ፣

ስለዘገየሁብህ ይቅርታ። ሀብተ ሚካኤል ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰው በእኔ ነው። ጽፌ ቀደድሁት። አጥብቀህ ስለጠየቅኸኝ እንጂ አሁንም ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

እዚህ በደረስሁ ሰሞን ገበያነሽ የምትባል ሴት ከአምቢኮ መንደር ማዶ በቃሬዛ አመጡልኝ። ምጧ ከጀመረ ውሎ አድሮ ነበር። ወንዶቹ እየተቀባበሉ ገደሉን ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ዳገቱን ወጥተው ነው የመጡት፤ አንደኛው ትከሻው ተልጦ ደም ይወጣው ነበር። ልጁ መንገድ ላይ ተወልዷል። ደሟ ግን አልቆመም። እኔ ዘንድ ሲያስቀምጧት እጄን ይዛ «ደረስሁ ወይ?» አለችኝ።

«ደርሰሻል እህቴ» አልኋት።

አልደረሰችም ነበር። ደም የሚያቆመው መርፌ በእጄ ነበር፤ የምትወጋዋ ግን ደሟ ቀድሞ አልቆ መጣች። ልጁ ግን በሕይወት አለ፤ አያቱ በነጠላ ጠቅልላ ይዛው ተመለሰች።

የሚያንገበግበኝ ምን መሰለህ፣ ጥርጊያው መንገድ እስከ ወንዙ አፋፍ ይደርሳል። አስቀድሜ ሰምቼ፣ የምሄድበት ነገር ኖሮኝ አፋፉ ላይ ብጠብቃት ትድን ነበር። የጤና ጣቢያው በቅሎ አንድ ናት፤ እሷም ታነክሳለች።

ትመለሺያለሽ ወይ ብለህ በሀብተ ሚካኤል ለጠየቅኸኝ፣ አልመለስም። ከእኔ በቀር አዋላጅ የለም። አባቴ ዝውውር ጠይቂ እያሉ ይጽፉልኛል፤ ለእሳቸው ስለ ገበያነሽ አልነገርኋቸውም። አንተም አትንገራቸው።

ሳልህ አሁንም አለ አለኝ ሀብተ ሚካኤል። ብርድ ይህን ያህል አይቆይም። ጤና ጣቢያ ሂድና ታይ።

ሕሊና


ደባርቅ፣ መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሕሊናዬ፣

በምን አፌ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ አላውቅም። ሁለት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አንዱንም አልመለስሁም። ጎንደር ነበርሁ። የጃዋዋን የሞተር የውስጥ ብረት ለማስቀረጽ ወርጄ እዚያው ቆየሁ።

ሌላውን ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ሠርጋችንን ለሚመጣው ጥር አዛውሬዋለሁ። ዳባት ሄጄ ለየኔታ ራሴ ነገርኋቸው። ዳዊታቸውን እየደገሙ ነበር፤ ዘጉት። «ምክንያቱ ብረቱ ብቻ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው። ቡና ሳልጠጣ እንዳልሄድ አስገደዱኝ። ከክፉ ቃል ይልቅ ያ ቡና ነው የከበደኝ።

እውነቴን ነው፣ ማርሽ ሲለወጥ የሚጨበጠው ፍሪሲዮኗ አስቸግሮኛል፤ ስጨብጠው በደንብ አይለቅም፣ ስለቀው በደንብ አይይዝም። እሱ ሳይስተካከል ሙሽራ አሳፍሮ መንገድ አይወጣም።

ያችን ገበያነሽን ከጻፍሽልኝ ወዲህ ከራሴ ማውጣት አቅቶኛል። ሰው ሞተሩን ሊያሠራ መጥቶ ሲያናግረኝ እንኳ እሷን እያሰብሁ አልሰማውም። ስለዚህ ሥራዬን ቀይሬያለሁ። ጃዋዋን ለዳባት አስፋልት ነበር የማዘጋጃት፤ አሁን ለእናንተ ድንጋይ እየሠራኋት ነው። ጭስ ማውጫዋ፣ ማርሚታው፣ ታች ነበር፤ ቆርጬ በጎኗ ወደ ላይ አወጣሁት። የፊቱን ጎማ በሰፊ ለወጥሁት። ከሆዷ ሥር ወፍራም ላሜራ አበጀሁላት።

አሁን እንደ እብድ አትቁጠሪኝና ከወገብሽ እስከ ተረከዝሽ ያለውን ለክተሽ ላኪልኝ። የእጅሽንም ርዝመት ከትከሻሽ ጀምረሽ። ደግሞ ሳይክል ነድተሽ ታውቂያለሽ? ወንበሩን ላስተካክል ብዬ ነው።

ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ሽሮፕ ሰጡኝ።

ያንቺው ሰጠኝ


መካነ ብርሃን፣ ግንቦት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ሰጤ፣

ትንሣኤን ዳባት ነበርሁ፤ እጮኛ እጮኛዋ ቤት ቀድማ ስለማትሄድ ደባርቅ አልቆምሁም። አንተ ደባርቅ ሆነህ አለመምጣትህ ገርሞኝ ተመለስሁ። ሥራ በዛብኝ ብለህ የላክኸውን መልእክት ሰምቻለሁ። በዓል ላይ የምን ሥራ ነው?

አባቴ ምንም አይሉም። ጎረቤቶቹ ግን ይላሉ። አንዷ ከቤታችን ሰው የሞተ ይመስል እጄን ይዛ «አይዞሽ ልጄ፣ ወንድ ይህ ነው» አለችኝ። እኔ ምን እንደሆንሁ ሳላውቅ ነው ያጽናናችኝ።

የጠየቅኸኝን ልኬልሃለሁ። ሜትር ስላጣሁ በፋሻ ነው የለካሁት፤ ረጅሙ የእግሬ፣ ባለ ቋጠሮው የእጄ ነው። ሳይክል እነዳለሁ። ጎንደር ስማር ከጓደኞቼ ጋር እየተከራየን ተምሬያለሁ፤ አንድ ጊዜ ወድቄ ጉልበቴ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተኸዋል። ግን ንገረኝ፣ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው የእጅ ርዝመት ምን ያደርጋል?

ሀብተ ሚካኤል ስለ አንተ ስጠይቀው መሬት መሬት ያያል። ከስቷል አለኝ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሠራው አለኝ። ጎንደር ስትቆይ የት ነበርህ? ቶርኖ ቤት አይታደርም። ባለፈው በሀብተ ሚካኤልም ጠይቄህ ዘለልኸው።

የተዘለለውን ጥያቄ እኔ አልረሳም።

ሕሊና


ደባርቅ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ሕሊናዬ፣

ጃዋዋ ተነሳች።

ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱን ልንገርሽ። ጋሽ ገብረ ኪዳን ለገበያ መጥተው ጋራዥ ጎራ አሉ። ካንቺ ፋሻ ጋር እያስተያየሁ ወንበሯን ዝቅ አድርጌ ጨርሼ ነበርና፣ ለምን አንሞክራትም አልኋቸው። የጃዋ መርገጫ በግራ በኩል ነው፤ ማርሽ የሚለውጠውም እሱው ብረት ነው፤ ወደ ላይ ሲያዞሩት መርገጫ ይሆናል። እሳቸው እንዴት እንደሚያዞሩት አልረሱትም። እኔ እግሬን ስላመመኝ እርስዎ ይርገጧት አልኋቸው። ጋቢያቸውን አውልቀው ረገጡ፤ ዝም። ደግመው ረገጡ፤ ሳል ብጤ አሰማች። እሳት የምትሰጠውን ካንዴላ አውጥቼ አጽድቼ መለስሁና «አሁን» አልኋቸው።

ምን ልበልሽ። ጋራዡ በነጭ ጭስ ተሞላ። ጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። እናቴ የሆነ ነገር ፈነዳ ብላ ከጓሮ እየሮጠች መጣችና፣ ስታየን እልልታዋን አቀለጠችው። ጋሽ ገብረ ኪዳን የበቅሎ አንገት እንደሚዳስስ ሰው እጃቸውን ነዳጅ መያዣዋ፣ ሰልባታዮዋ ላይ አድርገው ቆመው ቀሩ። ዕንባቸው በሪዛቸው ላይ ይወርዳል። «በዚህች ድምፅ ስንቱ መንደር ልጆች ወጥተው ይቀበሉኝ ነበር» አሉ።

እኔ ደስታው አፍኖኝ ተቀመጥሁ። አንቺ በሌለሽበት በመነሳቷ ደግሞ ከፋኝ።

ጎንደር ዘመድ ቤት ነበርሁ። አንቺ የማታውቂያቸው ናቸው። ለፋሲካ ያልመጣሁበትን ስንገናኝ እነግርሻለሁ።

ክረምቱ እንዳይበርድሽ። እናቴ የፈተለችውን ጋቢ በሀብተ ሚካኤል ልካልሻለች።

ያንቺው ሰጠኝ


መካነ ብርሃን፣ መስከረም 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰጤ፣

እንኳን አደረሰህ። ጋቢው ደርሶኛል፤ እናትህን ጉልበታቸውን ስመህ አመስግንልኝ።

የጃዋዋን መነሳት ሳነብ አለቀስሁ። መጀመሪያ የደስታ መሰለኝ። ደግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ያችን ሞተር ለዓመታት ስትለፋባት የኖርህ ሰው የመጀመሪያውን እርግጫ ለሌላ ሰው አትሰጥም። እግሬን አመመኝ ብለህ አትሰጥም። እግርህ ተሰብሮም ቢሆን በሌላው ትረግጣለህ እንጂ አትሰጥም። አውቅሃለሁ።

ሀብተ ሚካኤልን ይዤ መረመርሁት። እንዳይነግረኝ አስምለኸው ኖሯል። ስለ አንተ አልናገርም፣ ስለ ሞተሩ ግን አልማልሁም አለና አንድ ነገር ነገረኝ። የኋላው ወንበር ተነስቷል አለኝ። በቦታው የብረት ሳጥን ተበይዷል አለኝ።

አሁን አዋላጅ ሆኜ ልጠይቅህ። ስትተኛ ትራስ ትደራርባለህ? ሲመሽ እግርህ ያብጣል? በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል? ወደ ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን ስትወጣ መሃል ላይ ትቆማለህ? ልጅ ሳለህ ጉሮሮህንና መገጣጠሚያህን እያመመህ ትተኛ ነበር? እነዚህን በየቀኑ ሴቶችን እጠይቃለሁ። አንዳንዷ እንዳንተ ትዋሸኛለች፤ እርግዝናው ልብሽን ይጎዳዋል እንዳልላት ፈርታ።

ስለ ፍሪሲዮን እንዳትጽፍልኝ። እግሬን ያስለካኸኝ ለምንድን ነው? ወንበሩን ለምን አነሳኸው?

ሕሊና


ደባርቅ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሕሊናዬ፣

አዎ። ለሁሉም አዎ።

ቀለበት ስናስር አላውቅም ነበር። ይህን እመኚኝ። ትንፋሼ እያጠረ ሲሄድ እናቴ አልቅሳ ነው ጎንደር የወሰደችኝ። የተኛሁት ሆስፒታል ነው። ቶርኖ ቤቱ ውሸት አልነበረም፤ ብረቱን እዚያ ሰጥቼ ነው የገባሁት።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። ልብ በሮች አሉት አለኝ። የእኔ አንዱ ጠቧል፣ አንዱ ደግሞ አይዘጋም፤ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልጅ ሳለሁ ያሳለፍሁት የጉሮሮና የጉልበት ሕመም ቀስ እያለ የሠራው ነው አለኝ። እንደ ሞተር ነው የሰማሁት። ጃዋ ባለ ሁለት ምት ስለሆነች ቫልቭ የሚባል ነገር የላትም፤ ሐኪሙ ሲያወራ እኔ በእሷ እየቀናሁ ነበር። ስቂ እንጂ፤ አንቺን ላስቅ ብዬ ነው የጻፍሁት።

በቀዶ ጥገና በሰው ሠራሽ ይተካል። አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ስሜ ተመዝግቧል፤ ተራ ጠብቅ ብለውኛል። ከእኔ የሚቀድም ብዙ ሰው አለ፤ ሕፃናትም አሉበት።

አንቺን ከቃልሽ ላስፈታሽ አስቤ ሽማግሌዎቹን ጠርቼ ነበር። መጡ፣ ተቀመጡ፣ ጠላ ጠጡ፣ ስለ ዘንድሮ ገብስ አወሩ። ለምን እንደጠራኋቸው ልናገር አፌን ስከፍት ስምሽ ብቻ ነው የመጣልኝ። ሳልነግራቸው መርቀውኝ ሄዱ። አሁንም ወጣት ነሽ፤ እኔን ስትጠብቂ ዕድሜሽ እንዳያልፍ። ላካቸው ካልሽኝ እልካቸዋለሁ።

ወንበሩን ያነሳሁት ሞተሯ ያንቺ ስለሆነች ነው። ሳጥኑ ለመድኃኒትሽ ነው፤ በውስጡ ስፖንጅ ለብጬበታለሁ፣ ጠርሙስ አይሰበርም። መሪውን ወደ አንቺ ሳብሁት። መርገጫውን አስረዘምሁት፤ ሴት ልጅ በክብደቷ ስትቆምበት እንዲነሳ። አፋፉ ድረስ ሄደሽ ሴቶቹን ትቀበያለሽ። እኔ ብድንም ባልድንም እሷ ታስፈልግሻለች።

አትምጪ። በዚህ ገጽታዬ እንድታዪኝ አልፈልግም፤ እነዚያም ሴቶች ሰው የላቸውም።

ሰጠኝ


መካነ ብርሃን፣ ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰጤ፣

የኋላውን ወንበር መልስ።

ሳጥኑን በጎን አድርገው። ለጥቂት ጠርሙስና ለሁለት ጥንድ ጓንት ያን ያህል ቦታ አያስፈልግም። ወንበሩን መልስና አንተ ትቀመጥበታለህ። እኔ እነዳለሁ፤ አንተ ከኋላዬ ወገቤን ይዘህ ትቀመጣለህ። የዳባት ሰው የሚለውን ይበል።

ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው በመሄዳቸው ደግ አደረጉ። ዳግመኛ እንዳትጠራቸው። አልፈታም። ተናድጄብሃለሁ፣ በጣም ነው የተናደድሁብህ፤ ሁሉን ብቻህን ተሸክመህ እኔን ከጎረቤት ወሬ ጋር ለዓመት ስለተውኸኝ። ስታገግም ቁጭ ብለን እንጣላለን።

አሁን የምልህን አድርግ። ጨው ተው። የሰጡህን ክኒን ሽንት ያበዛብኛል ብለህ አታቋርጥ፤ ሥራው እሱ ነው። ብየዳ አትንካ። ቀና ብለህ ተኛ። በየወሩ የምትወጋውን መርፌ አንድ ጊዜም እንዳትዘል።

ፈቃድ ጠይቄ ተተኪ እስኪመጣ ጠብቂ አሉኝ። ተተኪ የምትባለው ደግሞ መንገዱ ስለተዘጋ አልመጣችም። ሀብተ ሚካኤልም መኪናውን አቁሟል፤ ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ በቅሎ ጭኖ የሚወርድ የገብስ ነጋዴ ነው። በእግሬ ልነሳ አስቤ ነበር። ጓዜን ጠቅልዬ ከበር ስወጣ ሁለት እርጉዞች ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። አየኋቸው፤ አዩኝ። ተመልሼ ነጩን ልብሴን ለበስሁ። እንዴት እንደጠላኋቸው ብነግርህ ታፍርብኛለህ።

በጥር እመጣለሁ። ድግስ አልፈልግም። አባቴ ይባርኩናል፣ ቄስ ያቆርበናል፣ ይበቃናል። ለአባቴ እኔው እጽፍላቸዋለሁ።

ሚስትህ ሕሊና


ደባርቅ፣ የካቲት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሚስቴ ሕሊና፣

ያንን ቃል ደግሜ ደግሜ ነው ያነበብሁት። ለእናቴም አነበብሁላት።

ጥር አለፈ፤ መንገዱም ተተኪዋም እንዳስቀሩሽ የገብስ ነጋዴው ነግሮኛልና እንዳትጸጸቺ። ይልቅ የኔታ ከዳባት መጥተው ሲጠይቁኝ እንደዋሉ ልንገርሽ። ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው ጸሎት አደረሱልኝ። ከዚያ «ብረቱን አሳየኝ» አሉኝ። ጎረቤቴ ገዱ ደግፎኝ ጋራዥ ድረስ ሄድን። ዞረው ዞረው አዩዋት። መርገጫውን ለምን እንዳስረዘምሁት ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ጎንበስ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። «ልጄ» አሉኝ፤ እስከዚያ ቀን በስሜ ነበር የሚጠሩኝ።

ወንበሩን መልሼዋለሁ። ብየዳውን ገዱ ሠራው፤ እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ በአፌ መራሁት። ሲያልቅ ደግፎ አስቀመጠኝ። ፊት ለፊቴ ያንቺ ቦታ ባዶ ነው። እጄን ወገብሽ ሊሆን በሚችልበት ልክ ዘረጋሁና ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ ተቀመጥሁ። ደባርቅ ገበያውን አለፍን፤ ወደ ዳባት የሚወስደውን ቁልቁለት ያዝን። አነዳድሽ ጥሩ ነው። ትንሽ ትቸኩያለሽ።

ተራዬ ደርሶ አዲስ አበባ ጠርተውኛል። ነገ ከእናቴ ጋር ጎንደር እንወርዳለን፤ ከዚያ በአውሮፕላን ነው። አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም።

ምናልባት ከእኔ ቀድመሽ ደባርቅ ብትገቢ ልትነጂያት ትሞክሪ ይሆናል። ቤንዚኑን ከዘይት ጋር ሳትቀላቅዪ እንዳትሞይባት። ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን ጨብጠሽ አትልቀቂያት፤ ማርሹ ይያዛት፤ ግን አልፎ አልፎ ትንሽ ነዳጅ ስጫት። ዘይቷ ከነዳጁ ጋር ነው የሚደርሳት፤ ካላገኘች ውስጧ ይደርቃል። ስትነሳ ታጨሳለች፤ አትደንግጪ፣ ያልፍላታል።

እጄ ደከመ። የቀረውን ከአዲስ አበባ እጽፍልሻለሁ።

ባልሽ ሰጠኝ


ዳባት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ይድረስ ለልጄ ለሕሊና ጥበብ። የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን። እኛ ቸሩ መድኃኔ ዓለም ይክበር ይመስገን ደህና ነን። ከብቶቹ ደህና ናቸው። በልጉ ጥሩ ጥሏል፤ ገብሱም ይዟል። የአብነት ተማሪዎቹ ሰላም ይሉሻል።

ልጄ ሆይ፣ አንድ ጉዳይ ስላጋጠመን ደብዳቤዬ እንደደረሰሽ ወደ ዳባት እንድትመጪ። የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ስለ ተተኪዋ ቢሮ ድረስ ሄጄ ለምኛለሁ፤ በሰሞኑ ትመጣለች ብለውኛል። ይህን የሚያደርሱልሽ አጎትሽ አለምነህና አንድ ወዳጃችን ናቸው። ከእነሱ ጋር ነዪ። ብቻሽን መንገድ እንዳትገቢ። በመንገድሽም ደባርቅ ሳትቆሚ፣ ቀጥታ ወደ ቤት ነዪ።

የአባቶቻችን አምላክ ይጠብቅሽ።

አባትሽ መሪጌታ ጥበብ


መካነ ብርሃን፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አጎቴም እንግዳውም ደህና ናቸው። እግራቸውን አጥቤ፣ አብልቼ አሳርፌያቸዋለሁ። ሁሉ ደህና ነው ይሉኛል። ሲሉኝ ግን አያዩኝም። አጎቴ ያቀረብሁለትን እንጀራ ሳይጎርስ ይዞ ቆየ።

አባቴ፣ ስለ ከብቱ ጽፈዋል፣ ስለ ገብሱ ጽፈዋል፤ ስለ ሰጠኝ አንድ ቃል የለም። ደባርቅ ሳትቆሚ ነዪ አሉኝ። እርስዎ መዋሸት አያውቁበትም፤ አላስተማሩንምም።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ቤት አስገብተው፣ አሳርፈው፣ በማለዳ ዘመድ ሰብስበው ሊነግሩኝ ነው። ስለዚህ እርስዎ አልጻፉልኝም፤ አጎቴም አልነገረኝም። ሰጠኝ ግን ሞቷል።

ቃሉን ጽፌ አየሁት። እንደ ሌላው ቃል ነው የሚጻፈው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ይሁን በኋላ፣ ዓይኑን ገልጦ ይሁን ተኝቶ፣ አዲስ አበባ ይረፍ ደባርቅ፣ ምንም አላውቅም። አሁን እንዳይነግሩኝ። አጎቴንም እንዳትነግረኝ ብዬ ለመንሁት፤ ያን ጊዜ ነው ዕንባው የመጣው።

አባቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ዛሬ ከእነሱ ጋር አልወርድም። ከቆላው አንዲት ልጅ አምጥተውልኛል። የመጀመሪያዋ ነው፤ ጽንሱ አልዞረም። ተተኪዋ ገና አልደረሰችም። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ እንደ ወትሮው ነው የሚያየኝ፤ ይህችም ልጅ ስታየኝ የምታየው አዋላጅ ነው። መርዶ የተነገራት ሴት ደረቷን እየደቃች መሬት ትቀመጣለች እንጂ አታዋልድም። እኔ ገና አልተነገረኝም። የዛሬን ብቻ ይተዉልኝ። ዛሬ ባሏ አዲስ አበባ የታከመላት፣ ደብዳቤውን የምትጠብቅ ሴት ነኝ። ነገ እወርዳለሁ።

እናቱን፣ እማማ ፋንታዬን ሰው እንዳይለያቸው። እሳቸው ልጃቸውን ይዘው ሄደው ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት። ከእኔ ጋር እንዲኖሩ እፈልጋለሁ፤ እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እርስዎን እምቢ አይሉም። ጃዋዋን ማንም እንዳያንቀሳቅስ። ጋሽ ገብረ ኪዳን እንዲያስተምሩኝ ይጠይቁልኝ። ከአርባው በኋላ በእሷ ተሳፍሬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ፤ እምቢ እንዳይሉኝ፤ ዝውውር ጠይቂም እንዳይሉኝ።

ደግሞ ሽማግሌ አይሰብስቡብኝ። ነገ ስደርስ እርስዎ በር ላይ ብቻዎን ይቁሙልኝ። በእርስዎ አፍ ልስማው። ያን ጊዜ አለቅሳለሁ።

ልጅቷ እየጠራችኝ ነው። ልሂድ።

ልጅዎ ሕሊና